የእጅ ሥራ ሐዋሳ ላይ እንዴት ቀርቦ ይሸጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሰው ይሞላል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ቤተሰብ አለ፣ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ የዋለ የመሥሪያ ቤት ሰው አለ፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች አሉ። አብዛኞቹ ለቤታቸው ይዘውት የሚገቡት ነገር ይፈልጋሉ። አንዱ ሰፌድና ሙዳይ የተከመረበት ምንጣፍ ጋ ይደርስና ጎንበስ ብሎ «ስንት ነው?» ይላል። ዋጋው ሲነገረው «ኧረ ተይ!» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሻጯም «ሰዉ እኮ ገንዘብ የለውም» ትላለች።

ገንዘብማ አለው። ዓሣውን በልቶ፣ ጀልባ ተከራይቶ ነው የመጣው። ያላየው ሥራውን ነው። ሙዳይዋ ስንት ቀን እንደፈጀች ማንም አልነገረውም። እንደ ፕላስቲክ ሳህን ተከምራ ስላያት በፕላስቲክ ሳህን ዋጋ ገመታት። እኔ እስከሚገባኝ የእጅ ሥራ ገበያ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ነገር ነው፤ ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የእጅ ድካሙን በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ።

1. ሐዋሳ ላይ ምን እንደምትሸጡ ለዩ

የአዲስ አበባ ሰው ነጠላ ሲያምረው ሽሮ ሜዳ አለለት። ያንኑ ነጠላ ሐዋሳ ላይ ብትዘረጉለት የሚያስበው «እዚያ ይረክሳል» ብሎ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ ዕቃችሁ የአካባቢው ይሁን። ከሁላና ከአርቤጎና ደጋ የሚወርደው ቀርከሃ አለ። እንሰት ሲፋቅ የሚገኘው ቃጫ አለ። የቀርከሃ የፍራፍሬ መያዣ፣ የቃጫ ምንጣፍ፣ የቃጫ ቦርሳ ለእንግዳ ሰው አዲስ ነገር ነው፤ ከሲዳማ እንደመጣም ሲያዩት ይታወቃል።

ገዢያችሁንም ለዩ። እንግዳ ሰው ሻንጣው ውስጥ የሚገባ ነገር ነው የሚፈልገው። ትልቅ መሶብ ቢወድም እንኳ የት አድርጎ ይወስደዋል? ትንሿ ሙዳይ፣ ጀበና ከነማቶቱ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ለእሱ ይሆናሉ። የከተማው ነዋሪ ደግሞ የሠርግና የበዓል ዕቃ ይገዛል። መሶብ፣ አገልግልና ጋቢ የእሱ ናቸው። ሦስተኛው ገዢ የሆቴል፣ የሎጅና የባህል ምግብ ቤት ባለቤት ነው። አንዴ ከወደዳችሁ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ያዝዛል፣ ሲያረጅ ደግሞ ይተካል። ለዚህ ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ መጠበቅ አይሠራም። ሁለት ሦስት ናሙና ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ። የምሳ ሰዓት ላይ ግን አትሂዱ፣ ማንም ቆሞ አያዳምጣችሁም። ረፋድ ይሻላል።

2. ከመሸጣችሁ በፊት እንደ ገዢ ፈትሹት

አንድ ሙዳይ አንሱና ገልብጧት። ገዢ የሚያያት በክዳኗ ነው፣ የሚፈርድባት ግን በቂጧ ነው። ታች ላይ ተቆርጦ ያፈነገጠ አክርማ (የሚሰፋበት ሣር) ካለ በመቀስ ከርክሙት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በጣት ነካ አድርጓት። ከተንገዳገደች ዋጋዋ ወረደ ማለት ነው። ክዳኑን ክፈቱና ዝጉ፤ ሳይጨናነቅም ሳይላላም መግጠም አለበት።

ቀጥሎ ቀለሙን። ነጭ ጨርቅ በውኃ እርጥብ አድርጋችሁ አለላው (ቀለም የተነከረው ሣር) ላይ ሸት ሸት አድርጉ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ያ ዕቃ ለእንጀራ ወይም ለቆሎ አይሆንም። ለጌጥ ብቻ እንደሆነ ተናግራችሁ ሽጡት። ሰው ቤቱ ወስዶ እንጀራው ቀይ ከሆነበት እናንተን ብቻ አይደለም፣ ጎናችሁ ያለችውንም ነው ሁለተኛ የማይጎበኘው።

ጀበና ከሆነ ውኃ ሞልታችሁ ደረቅ ወረቀት ላይ አሳድሩት፣ የሚያዣ ከሆነ ጠዋት ወረቀቱ ይነግራችኋል። ቀርከሃ ከሆነ ትንንሽ ቀዳዳና ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ብናኝ መኖሩን እዩ። ብናኝ ካለ ነፍሳት ገብቶበታልና ከሌላው ዕቃ ለዩት። ጋቢና ነጠላ ላይ ቋጨቱን እዩ፣ የተፈታ ካለ እንደገና ይቋጭ።

3. ዋጋ አውጡ፤ ቀናችሁንም ቁጠሩት

ብዙ ሰው የእጅ ሥራ ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤቱ ስንት እንዳለ ጠይቆ ነው። ጎረቤቱም ያወጣው ሌላ ጎረቤት ጠይቆ ነው። በመሀል የሠሪዋ ጉልበት በነጻ ሄደ ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሯቸው። ለአንዲት መካከለኛ ሙዳይ ስንደዶ (የስፌቱ የውስጥ ሣር)፣ አክርማና ቀለም 250 ብር ወጣ እንበል። ሥራው ሙሉ ሦስት ቀን ፈጀ። ለአንድ ቀን 400 ብር ብትይዙ 1,200 ብር ነው። ለባጃጅ፣ ለቦታና ለመጠቅለያ በአንድ ዕቃ 100 ብር ጨምሩ። ጠቅላላው 1,550 ብር ሆነ። ይህ ትርፍ የለበትም፣ ወጪያችሁ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ከሸጣችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ነው የሸጣችሁት።

አሁን ወደ ትርፉ። አብዛኛው ሰው «20 በመቶ ልጨምር» ብሎ 1,860 ላይ ይቆማል። በእጅ ለእጅ ሽያጭ አያስከፋም። ግን ያችኑ ሙዳይ ሆቴል ውስጥ ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ «አስቀምጪልኝ፣ ሲሸጥ 25 በመቶ እወስዳለሁ» ቢላችሁስ? ከ1,860 ላይ 25 በመቶ ሲነሳ የሚደርሳችሁ 1,395 ብር ነው። ከወጪያችሁ በታች ሆነ! ስለዚህ ከመጀመሪያው ሱቁን አስባችሁ ዋጋ አውጡ። 2,100 ብትሉ ሱቁ ድርሻውን ወስዶ 1,575 ይደርሳችኋል፣ ወጪው ይሸፈናል። ራሳችሁ ስትሸጡት ደግሞ 550 ብር ይተርፋችኋል።

አንድ ነገር አደራ። ሱቁ 2,100 እየሸጠ እናንተ ሐይቅ ዳር በ1,600 እንዳትሸጡ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ወሬ ቶሎ ይደርሳል። ባለሱቁ በማግስቱ ዕቃችሁን በፌስታል አድርጎ ይመልስላችኋል።

የመጨረሻ ዋጋችሁን ከቤት ስትወጡ ወስኑት። በእኛ ምሳሌ 1,850 ይሁን። ፀሐይ ላይ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ገበያ ቀዝቅዞ ባለበት ሰዓት የሚወሰን ዋጋ ሁልጊዜ ይጎዳችኋል።

4. ወረቀት እሰሩበት

እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በክር የተንጠለጠለች የመዳፍ ግማሽ የምታክል ወረቀት ትኑር። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ዋጋው፣ ስልክ ቁጥራችሁ። ሠሪዋ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟም ይግባ። «በጥሩ ጥራት የተሠራ» የሚለው ቃል ምንም አይነግርም። «ስንደዶና አክርማ። ሐዋሳ። የ3 ቀን ሥራ።» ይበቃል። በእጅ ጽሑፍ ቢሆን አይከፋም፣ የሚነበብ ይሁን እንጂ።

ከጀርባው አያያዙን ጻፉ። ስፌት ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ጋቢ በእጅ ይታጠባል። ሸክላ ላይ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ እናቶቻችን ያውቃሉ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገች ሙሽራ ግን ላታውቅ ትችላለች። ሳታሟሽ እሳት ላይ ጥዳው ቢሰነጠቅ «ሸክላው መጥፎ ነው» ትላለች። ምጣድም ሆነ ጀበና እናንተ ቤት እንዴት እንደሚሟሽ በሁለት መስመር ጻፉላት።

5. አቀራረብ

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

በመጀመሪያ ከመሬት አንሱት። ዕቃ መሬት ላይ ሲሆን ገዢው ቆሞ ቁልቁል ያየዋል፤ ጎንበስ ማለት ያልፈለገ ሰው ያልፋል። ተጣጣፊ ጠረጴዛ ካልተገኘ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ላይ ጣውላ አጋድሙ። ከጣውላው ኋላ ደግሞ አንድ ሳጥን ጨምሩና ከፍ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ይኑረው። ትልቁ መሶብ ከኋላ፣ ትንንሹ ከፊት ይሆናል። በጣም የሚያምረው ዕቃ ለብቻው፣ ከሰው ደረት ትይዩ ይቀመጥ።

ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ አንድ ቀለም ይሁን። አለላ ራሱ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይዟል፤ አበባ ያለበት ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ይጠፋል። ነጭ አቡጀዴ ለስፌት ጥሩ ነው። ነጭ ጋቢ ግን ነጭ ላይ አይታይምና ጠቆር ያለ ጨርቅ ወይም እንጨቱ ራሱ ይሻለዋል።

ካላችሁ ዕቃ ግማሹን ብቻ አውጡ። ይሄን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ሰው ሙሉ ሲያይ ነው የሚመርጠው» ይላል። ለሽንኩርት እውነት ነው። የእጅ ሥራ ግን ሲከመር የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል። በሁለት ሙዳዮች መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉ። የተቀረውን ከጠረጴዛው ሥር በማዳበሪያ አስቀምጡትና ሲሸጥ እየተካችሁ ሂዱ።

ሐይቅ ዳር ንፋስ አለ። ቀላል ዕቃ ውስጥ ጠጠር ጨምሩበት፣ ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ፀሐይም ቀለም ይበላል፤ አለላና ጥለት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛል። ጃንጥላ ወይም ሸራ ግድ ነው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ጎብኚ የሚበዛበት ቦታ ነውና ብዙ ሰው እዚያ መሸጥ ያምረዋል። ሸክላና ቀርከሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሰየው። ጋቢና ነጠላ ግን እዚያ አትዘርጉ። ጥጥ የዓሣ ሽታ ይይዛል፣ ከያዘ ደግሞ ታጥቦም ቶሎ አይለቅም።

በየትም ቦታ ከመዘርጋታችሁ በፊት የክፍለ ከተማውን ሰዎች ጠይቁ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ዕቃ ማንሳት ሲጀመር የሚሰበረው ሸክላ ነው። ሥራው ሰፋ ካለ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ብዙ ሆቴሎች ያለ ደረሰኝ መግዛት አይፈልጉም።

አሁን ዋናው ነገር። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። ወስፌና አክርማ ይዛ የምትሰፋ ሴት አጠገብ ሰው ይቆማል። ልጆች መጀመሪያ ይቆማሉ፣ ወላጆች ተከትለው ይቆማሉ። ወስፌው ስንደዶውን ሲወጋ፣ አክርማው በቀዳዳው ሲሾልክ፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲሳብ አንድ ዙር ለመዞር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በዓይኑ ያየ ሰው «ለምን ተወደደ?» ብሎ አፉን ሞልቶ አይጠይቅም። በግማሽ የቀረች ሙዳይ ሁልጊዜ አጠገባችሁ ትኑር። ከተቻለ ለገዢው ስጡትና አንድ ወስፌ ይሞክራት። አንዴ ከሞከረ ገዝቶ የመሄዱ ነገር የማይቀር ነው ማለት ይቻላል።

የሽመና ዕቃ ተሸክሞ ሐይቅ ዳር አይኬድም። በምትኩ ጥለቱን ገልብጣችሁ አሳዩ። ጥለት መስሎ ጨርቅ ላይ የታተመ ነገር ገበያውን ሞልቶታል፤ የታተመው ከጀርባው ነጣ ብሎ ይታያል። በእጅ የተሸመነው ላይ ማጉ ሲመላለስ በጀርባም ይታያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስይዙት። ጋቢ አራት ድርብ፣ ነጠላ ሁለት ድርብ መሆኑንም በጣቱ ለይቶ ይቁጠረው። ብዙ የከተማ ልጅ ይሄን ሲያውቅ ይገረማል።

6. ከገዢ ጋር ስትነጋገሩ

ሰው ሲቆም «ግቡ፣ እዩ፣ ርካሽ ነው» አትበሉ። ርካሽ ካላችሁ በኋላ 2,100 ሲሰማ ይደነግጣል። «እንኳን ደህና መጡ፣ ያንሱት፣ ይዩት» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። እጁ ውስጥ ሲገባ ነው መናገር የሚጀመረው።

«የመጨረሻ ስንት ነው?» መምጣቱ አይቀርም። ወዲያው ዋጋ አትጣሉ።

«እናቴ፣ የመጨረሻውን ንገሪኝ።»

«ልጄ፣ ይቺ የሦስት ቀን ሥራ ናት። ቂጧን ገልብጠህ እያት። ከሁለት በላይ ከወሰድክ እቀንስልሃለሁ።»

እንዲህ ሲባል ሰውየው የሚደራደረው ስለ ብዛት ይሆናል። አንድ ብቻ ከፈለገና ከከበደው ዋጋውን ከመስበር ምረቁለት። ትንሽ ማቶት ወይም ከተረፈ አለላ የተሠራ የቁልፍ መያዣ ብትመርቁለት ከ200 ብር ቅናሽ ይልቅ ይደሰታል፣ እናንተንም የሚያስወጣችሁ ያነሰ ነው።

ደግሞ ዕቃ አጣምሩ። ጀበና ብቻውን ጀበና ነው። ከማቶት፣ ከማጨሻና ከረከቦት ጋር ሲቀርብ ግን ስጦታ ይሆናል። ለሚመረቅ ልጅ፣ ቤት ለገባ ጓደኛ ምን ልውሰድ ብሎ የተቸገረ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለቀለት ነገር ነው።

7. በስልክ መሸጥ

ሐዋሳ ተቀምጦ አዲስ አበባ መሸጥ ይቻላል፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ እስካለ ድረስ። ፎቶውን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ወይም መስኮት አጠገብ አንሱ። ፍላሽ አጥፉ፣ አለላውን ያነጣዋል። ለአንድ ዕቃ ሦስት ፎቶ በቂ ነው፤ ሙሉው፣ ስፌቱ በቅርበት፣ ሰው እጅ ላይ ሆኖ መጠኑ እንዲታወቅ። ስፋቱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ተዉት። ዋጋ የደበቀ ሻጭ ሰው አይቶ ይጨምራል ተብሎ ይጠረጠራል። ለመጠየቅ የሚያፍርም ሞልቷል፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ዋጋውን፣ ወደ የትኛው ከተማ እንደምትልኩና በስንት ቀን እንደሚደርስ እዚያው ጻፉ።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ የገዢውን ስክሪንሹት አይታችሁ ዕቃ አታስረክቡ። ስክሪንሹት በቀላሉ ይሠራል። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ። ገበያ ሞቅ ባለበት ሰዓት ይሄን ለማድረግ ማፈር የለም።

8. ትዕዛዝና መላክ

መሶብ ወይም ጋቢ ሲታዘዝ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ቀለሙን፣ መጠኑንና የማስረከቢያውን ቀን ጽፋችሁ ለገዢው በመልእክት ላኩለት፣ «እሺ» ይበላችሁ። ቀን ስትሰጡ ራሳችሁን አታጣድፉ። አሥር ቀን የሚፈጅ ከሆነ ሁለት ሳምንት በሉ። ሐዘን አለ፣ ሠርግ አለ፣ መብራት ይጠፋል።

ጀበና ሲላክ የሚሰበረው አንገቱና ጡቱ ነው። ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት። አንገቱን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከዚያ ሙሉውን። ካርቶኑ ውስጥ በሁሉም በኩል አራት ጣት ያህል ጭድ ወይም የተጨማደደ ወረቀት ይኑር። ዘግታችሁ አወዛውዙት፤ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሰማችሁ ክፈቱና ጨምሩ። መናኸሪያ ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የመኪናውን ታርጋና የተላከበትን ሰዓት ለገዢው ጻፉለት።

9. ቀን መቁጠሪያውን ተከተሉ

የሐዋሳ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ፊቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ስለሆነ ሐዋሳ ውስጥ ጉዱማሌ በሚባለው ቦታ ሲከበር ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑ በየዓመቱ ይለያያል፣ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። የሐዋሳ ገብርኤል ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። ያን ሰሞን ሆቴል አልጋ ይጠፋል።

ለታኅሣሥ 19 የሚሸጥ ስፌት ዝግጅቱ የሚጀመረው መስከረም ላይ፣ ስንደዶና አክርማ በሚገኝበት ጊዜ ነው። ያኔ ለዓመቱ የሚበቃውን ግዙ፣ አድርቁ፣ አለላውን ንከሩ። ጥቅምትና ኅዳርን ስፉ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ፎቶ አንሱና በቴሌግራም አውጡ፣ ምክንያቱም ለንግሥ የሚመጡ ሰዎች ከቤታቸው ሳይወጡ ማየት ጀምረዋል። በበዓሉ ሳምንት ወረቀቱን እሰሩ፣ ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ለንግሥ የሚመጣ ሰው በእጁ ይዞት የሚሄደውን ነው የሚገዛውና ትንንሹን አብዙ። ትልልቁ መሶብ ሳይሸጥ ከተረፈ ዋጋ ሰብራችሁ አትጣሉት፤ የገና በዓል ሊደርስ የሚቀረው 10 ቀን ያህል ብቻ ነው፣ ያኔ የከተማው ሰው ለቤቱ ይገዛዋል።